ጣናን በሳይክል ዞሮ ለዊልቸር ገንዘብ ማሰባሰብ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «ስድስት ጓደኛሞች ነን። የምንኖረው ጎንደር ነው። ሦስታችን መምህራን ነን። እህቴ ካሊፎርኒያ ትኖራለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሎስ አንጀለስ በባሕር ዳርቻው መንገድ ሳይክል ነድታ ለሕሙማን ገንዘብ አሰባስባለች። እኛ ባሕር ባይኖረንም ጣና አለን። በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት ሐይቁን በአምስት ቀን ዞረን በሚገኘው ገንዘብ መራመድ ለማይችሉ ልጆች ዊልቸር ልንገዛ አስበናል። ደገኞች ስለሆንን ልምምድ ብዙም አያስፈልገንም። መንገዱም የሐይቅ ዳር ስለሆነ ሜዳ ነው። የጉዞ ወጪያችንን ከሚሰበሰበው ላይ እንሸፍናለን። የቀረን ሳይክሉ ብቻ ነው። ምን ዓይነት ሳይክል እንግዛ?»

ምላሽ፦ ሳይክሉ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። እሱን መጨረሻ ላይ እመልሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ዕቅዱ ውስጥ መስተካከል ያለባቸው አምስት ነገሮች አሉ፤ ወቅቱ፣ መንገዱ፣ ሰውነታችሁ፣ ገንዘቡና ዊልቸሩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ከጉልበትና ከወገብ እንዲሁም ዊልቸር ከሚያስፈልጋቸው ልጆች ጋር ነው። ስለዚህ የማደላው ለልጆቹ ነው።

መጀመሪያ እህትየው የተሳተፈችበትን ጉዞ በትክክል እንየው። በገለጻችሁ መሠረት ኤድስ ላይፍሳይክል የሚባለው መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በየዓመቱ በሰኔ ወር አካባቢ ይካሄድ ነበር። ርዝመቱ 877 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የሚፈጀው 7 ቀን ነበር። ገንዘቡ ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች አገልግሎት ይውል ነበር። ጉዞው ራሱ ሁሉም በባሕር ዳርቻ አይደለም። ከፊሉ ወደ መሀል አገር ገብቶ በእርሻ ሸለቆዎች ያልፋል። ከሰሜን ወደ ደቡብ መሆኑም ያለምክንያት አይደለም። በዚያ ዳርቻ ነፋሱ በብዛት የሚመጣው ከሰሜን ምዕራብ ስለሆነ ጋላቢውን ከኋላ ይገፋዋል። አዘጋጆቹ መንገዱን የመረጡት ነፋሱን፣ የመኪናውን ብዛትና ማደሪያውን አስልተው ነው።

ከሁሉም በላይ ልታውቁት የሚገባው የገንዘቡን አሠራር ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አንድ ተሳታፊ ቢያንስ 3,500 ዶላር ካላሰባሰበ መንዳት አይፈቀድለትም ነበር። ማለትም ገንዘቡ የሚገኘው ሳይክሉ ከመነዳቱ በፊት ነው። ተሳታፊው ለወራት ዘመዱን፣ የሥራ ባልደረባውንና ጎረቤቱን እየዞረ ይለምናል። መንገዱ ላይ ሲወጣ ሥራው አብዛኛው አልቋል። በዚህ መልክ በዘመኑ ሁሉ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል። እንዲህም ሆኖ የመጨረሻው ጉዞ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። የዝግጅቱ ወጪ እየናረ፣ ተሳታፊውም እየቀነሰ ስለሄደ አዘጋጆቹ ለማቆም ወሰኑ። ከእሱ በፊት የነበረው ተመሳሳይ ጉዞ ደግሞ የባሰ ገጠመው። ዝግጅቱን የሚመራው ኩባንያ የሚያወጣው ወጪ በዛ የሚል ክርክር ተነሣ። ተረጂዎቹ ድርጅቶች ተለይተው የራሳቸውን ጉዞ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ያህል ልምድና ገንዘብ ያለው ዝግጅት በወጪ ምክንያት ከቆመ፣ «ወጪያችንን ከሚሰበሰበው ላይ እንሸፍናለን» የሚለው ሐሳብ የእናንተን ዕቅድ ከመነሻው ያዳክመዋል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ጣና። ሐይቁ ከሰሜን እስከ ደቡብ 84፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «የሐይቅ ዳር መንገድ» ስትሉ ውኃውን በስተቀኝ እያያችሁ የምትነዱበት አስፋልት አስባችሁ ከሆነ እንዲህ ያለ መንገድ የለም። ከጎንደር ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዘዞ፣ በማክሰኚት፣ በእንፍራንዝ፣ በአዲስ ዘመን፣ በወረታና በሐሙሲት ያልፋል። ከአብዛኛው ቦታ ላይ ሐይቁ አይታይም፤ ቢታይም ከሩቅ ነው። ሜዳ የሚባለው ከወረታ ወዲያ ያለው የፎገራ ክፍል ነው። ከእንፍራንዝ እስከ አዲስ ዘመን ግን ዳገትና ቁልቁለት አለ። እዚያው ኮረብታ ላይ ያለውን የጉዛራን ግንብ ያየ ሰው ያን አካባቢ ሜዳ አይለውም።

በሰሜን በኩል ከአዘዞ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ ጎርጎራ የሚደርሰው መንገድ አለ። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ወደ ውኃው በእውነት የሚያደርሳችሁ ይኸኛው ነው። ከጎርጎራ ወዲያ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ፣ ወደ ደልጊና ወደ ቁንዝላ በኩል ሲኬድ ጉዞው ሌላ ይሆናል። ጠጠርና አፈር መንገድ፣ ወንዝ፣ የተራራቁ ጤና ጣቢያዎች ያጋጥሟችኋል። ከሐይቁ ገባሮች ትልቁ ግልገል ዓባይም በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው። ለጀማሪ ቡድን ይህን ክፍል አልመክርም።

ክረምቱን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሰርዙት። የትምህርት ዕረፍት መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን የርብና የጉማራ ወንዞች ፎገራን፣ የመገጭ ወንዝ ደግሞ ደንቢያን የሚያጥለቀልቁበት ጊዜ ነው። ዋልካ አፈር ሲረጥብ ጎማውና ፍሬኑ መካከል ይሞላል። ሳይክሉ መሽከርከር ያቆማል። ከዚያ በኋላ ሳይክሉን የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። አስፋልቱ ላይም ቢሆን ጉምና በረዶ ሲጥል የጭነት መኪና ሹፌር አያያችሁም።

ብዙ ሰው የሚመርጠው ጥቅምትን ነው። አየሩ ያምራል፣ አደይ አበባው ገና አልረገፈም፣ መንገዱም ደርቋል። ሆኖም ከመስከረም እስከ ኅዳር በጣና ዙሪያ ባሉ ቆላና ሜዳ ወረዳዎች ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው። ደንቢያና ፎገራ ውስጥ ማደር ካለባችሁ ያለ አጎበር እንዳታድሩ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ጿሚ የሆነ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ ቆይቶ በፀሐይ 60 ኪሎ ሜትር መንዳት የለበትም። ይህን የምለው ጾሙን ዝቅ አድርጌ አይደለም። ሁለቱ በአንድ ቀን አይሄዱም።

እኔ የምመርጠው ከጥምቀት በኋላ ያለውን ጊዜ ነው፤ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ። ደረቅ ነው። ጧት ይበርዳል፤ ለመንዳት ግን ምቹ ነው። የወባው ጫና ከጥቅምቱ ይቀላል። አብዛኛውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም በፊት ነው፤ የነነዌን ሦስት ቀን ብቻ አስተውሉ። ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው። ለገናና ለጥምቀት ከውጭም ከአገር ውስጥም የሚመጣው እንግዳ ጎንደር ላይ ነው። ገንዘብ የምትጠይቁበት ከዚህ የተሻለ ሳምንት በዓመቱ ውስጥ የለም። መንዳቱን ከበዓሉ በኋላ አድርጉት፤ መጠየቁን ግን ከበዓሉ በፊት ጀምሩ። የበዓሉ ዕለታት ላይ መንገዱ በታቦትና በሕዝብ የተሞላ ስለሆነ በሳይክል እንዳትሞክሩት።

«ደገኞች ነን» ስለሚለው። እውነት አለው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ የሚኖር ሰው ልብና ሳንባ ስስ አየርን ለምደዋል። ነገር ግን ጣና ራሱ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ልዩነቱ 300 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የምታገኙት ጥቅም ትንሽ ነው። ደግሞም በረጅም የሳይክል ጉዞ ላይ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ትንፋሽ አጥሮት አይደለም። የሚያስቆመው መቀመጫው፣ ጉልበቱ፣ አንገቱና እጁ ነው። እነዚህን ከፍታ አያሠለጥናቸውም። የሚያሠለጥናቸው ኮርቻ ላይ የሚቆይ ሰዓት ብቻ ነው።

ስለ አካሉ ትንሽ ልዘርዝር፤ በየክሊኒኩ የሚታየው ጉዳት አብዛኛው ከዚህ ስለሚመጣ። የኮርቻው ከፍታ ልክ ሲሆን፣ ፔዳሉ ታች በደረሰ ጊዜ ጉልበት በትንሹ እንደታጠፈ ይቀራል፤ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ። ጉልበት ከፊት ለፊት ካመማችሁ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ማለት ሊሆን ይችላል። ከጉልበት ጀርባ ከጎተታችሁ ደግሞ ከፍ ብሏል። ብዙ ሰው እግሩ መሬት እንዲነካለት ብሎ ኮርቻውን ዝቅ ያደርጋል። ሰፈር ውስጥ ለመንዳት ችግር የለውም። ለ60 ኪሎ ሜትር ግን ጉልበትን ይጎዳል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ መዳፍ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጭኗል። እጃችሁን መሪው ላይ ቶሎ ቶሎ ቦታ ቀይሩ፣ ክርናችሁን አላሉ። በብልት አካባቢ መደንዘዝ ከመጣ ከኮርቻው ተነሥታችሁ ቁሙ። ዝም ብላችሁ አትቻሉት። ከባድ ማርሽ አስገብቶ በጉልበት ከመግፋት ቀለል ባለ ማርሽ ቶሎ ቶሎ ማዞር ይሻላል። በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ዙር ጥሩ መለኪያ ነው።

ለልምምድ 12 ሳምንት ስጡት። በሳምንት ሦስት ቀን በቂ ነው። ሁለቱ አጭር፣ አንዱ ረጅም ይሁን። ረጅሙን በ20 ኪሎ ሜትር ጀምራችሁ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ። በየአራተኛው ሳምንት ቀንሱና ሰውነታችሁን አሳርፉ። ሁለት ቀን ተከታትላችሁ ልትነዱ ካሰባችሁ፣ ልምምዱም ላይ ሁለት ቀን አከታትላችሁ ነድታችሁ እዩት። በማግሥቱ እንዴት እንደምትነሡ ያኔ ታውቃላችሁ። ከመካከላችሁ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስም ወይም የልብ ችግር ያለበት ካለ ልምምዱን ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይየው።

ምግቡ ቀላል ነው። ውድ ዱቄትና ጀል አያስፈልጋችሁም። የበሶ ጭብጦ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች ከጨው ጋር፣ ዳቦ ይበቃል። ቁም ነገሩ ሳይርብ መብላት ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ከነዳችሁ በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ቅመሱ። ውኃ በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር በቂ ነው። ንጹሕ ውኃ ብቻ ያለ ልክ መጠጣት ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀንስና ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲከፋም ራስን መሳት ያመጣል። ስለዚህ ጨው ያለው ነገር አብሮ ይገባ።

ጎርጎራ ብትደርሱ ሐይቁ ውስጥ አትግቡ። ላብ ይዟችሁ ውኃውን ስታዩ መዝለል ያምራችኋል። ግን በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚገባው በቆዳ ነው፤ ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም። ሳይክሉንም ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ቆማችሁ አትጠቡ። ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት የጀመረው ሰው ድካም ነው ብሎ አይተኛ። ደሙን ይመርመርና የት እንደነበረ ለሐኪሙ ይንገር። አንዱ የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ይነሣል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። መርሁ አጭር ነው። የጉዞው ወጪ በሙሉ ከእናንተ ኪስ ወይም «ወጪውን እኔ እችላለሁ» ካለ ድርጅት ይምጣ። ለልጆቹ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ላይ ለቁርስም፣ ለጎማም፣ ለቲሸርትም እጅ አይዘርጋ። ሆቴል አልጋ ሊሰጣችሁ ይችላል። አንድ ነጋዴ ውኃውን ሊችል ይችላል። አንዱ መኪናውን ከነነዳጁ ሊሰጥ ይችላል። እነዚህን ለብቻ ጠይቁ፣ ለብቻ መዝግቡ። ያኔ ለሚሰጣችሁ ሰው «ከሰጠኸው እያንዳንዱ ብር ለልጆቹ ይደርሳል» ማለት ትችላላችሁ። ይህን ሳትዋሹ ማለት መቻላችሁ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

ገንዘቡ በግል ስማችሁ በተከፈተ ሒሳብ አይግባ። በመካከላችሁ ሌባ አለ ማለቴ አይደለም። ሰው ይታመማል፣ ይጣላል፣ አገር ይለቃል። አንድ ሰው ሐሜት ቢያነሣ ደግሞ የምታሳዩት ነገር የላችሁም። ሕጋዊ ሰውነት ያለው፣ በአካል ጉዳት ላይ የሚሠራ ማኅበር ወይም ተቋም ፈልጉ። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የተመዘገበ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ስለዚህ አጋር ስትመርጡ «ከእኛ ገንዘብ ላይ ለአስተዳደር ስንት ትቆርጣላችሁ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። መልሱ በጽሑፍ ይሁን። ሒሳቡ በድርጅቱ ስም ሆኖ የእናንተ ተወካይ የገባውንና የወጣውን የማየት መብት ይኑረው። የገባው፣ የወጣውና የቀረው በየሳምንቱ ሰው በሚያይበት ቦታ ይለጠፍ። ዕድር ውስጥ ያደገ የጎንደር ሰው ይህን አሠራር ማንም አያስረዳውም፤ ያውቀዋል።

እህትየው ከፍተኛ እገዛ ልታደርግ ትችላለች። ጎፈንድሚ በሚባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ከኢትዮጵያ ሆኖ ገንዘብ ማውጣት አይቻልም። እሷ አሜሪካ ሆና በስሟ ልትከፍተው ትችላለች። ድረ ገጹ ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 በመቶና 30 የአሜሪካ ሳንቲም ይቆርጣል። የተረፈውን በባንክ ትላከው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት ጠብቧል። ስለዚህ በጓሮ በር የመላክ ሰበብ ደክሟል። በባንክ የመጣ ገንዘብ ደረሰኝ አለው፤ ደረሰኝ ደግሞ ለዚህ ሥራ ሕይወቱ ነው። ቶምቦላ ካሰባችሁ ግን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ዕጣ አትሽጡ።

በኪሎ ሜትር እንጠይቅ ወይስ በጅምላ? ሁለቱም ይሠራሉ። «ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 10 ብር» የሚለው ለተማሪና ለሠራተኛ ይጥማል። ነጋዴው ግን አንድ ሙሉ ነገር መስጠት ይወዳል። «የአንድ ልጅ ዊልቸር ሙሉ ወጪ» ብላችሁ ዋጋውን ጻፉና አቅርቡለት። ዝቅተኛ መጠንም ለየራሳችሁ ወስኑ። ያንን ያላሟላ ሰው አይነዳም፣ ሌላ ሥራ ያግዛል። ይህን ሕግ ከካሊፎርኒያው ጉዞ ብትወስዱ አትጸጸቱም።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ዊልቸሩ ነው። ዊልቸር እንደ ብርድ ልብስ ተገዝቶ የሚታደል ዕቃ አይደለም። ለትልቅ ሰው የተሠራ ሰፊ ወንበር ላይ የተቀመጠ የስምንት ዓመት ልጅ ወደ ጎን ይዘማል። ቀን በቀን እንዲህ ሲቀመጥ አከርካሪው ይጣመማል። ትራስ የሌለው ወንበር ስሜት በሌለው አካል ላይ ቁስል ያወጣል። ቁስሉ ሲያመረቅዝ ልጅ ሊሞት ይችላል። ሴሬብራል ፓልሲ (አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበት ልጅ አንገቱንና ደረቱን የሚደግፍ ልዩ መቀመጫ ይፈልጋል። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ከነጭራሹ ዊልቸር አያስፈልገውም። ክራንች ወይም የእግር ድጋፍ ቢያገኝ በእግሩ ይሄዳል። ዊልቸር ላይ ስታስቀምጡት የነበረውን አቅም ትወስዱበታላችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለእንደኛ ዓይነት አገሮች ባወጣው መመሪያ የዊልቸር አገልግሎት ስምንት ደረጃ አለው። ልጁ ይላካል፣ ይመረመራል፣ የሚስማማው ይታዘዛል፣ ገንዘቡና ግዢው ይፈጸማል፣ ወንበሩ ይዘጋጃል፣ በልኩ ይስተካከላል፣ ልጁና ቤተሰቡ ይሠለጥናሉ፣ በኋላም ክትትልና ጥገና ይደረጋል። የእናንተ ገንዘብ የሚሸፍነው አንዱን ደረጃ ብቻ ከሆነ ሌሎቹን ሰባት ማን ይሠራል? ጎንደር ላይ ይህን የሚያውቅ ሰው አታጡም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርትም፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራምም አለው። ከግዢው በፊት እነሱን አናግሩ። ስንት ልጅ፣ ምን ዓይነት፣ በምን ልክ እንደሚያስፈልግ ይንገሯችሁ። ለጥገና የሚሆን ገንዘብም ከመጀመሪያው ይያዝ። የጎንደር ዳገትና ኮብልስቶን ለዊልቸር ጎማ አይራራም። ሃያ ወንበር አድሎ ከመጥፋት ለአምስት ልጅ በልኩ አስተካክሎ ሁለት ዓመት መከታተል ይበልጣል። ፎቶው ላይ ሃያው ያምራል። ልጆቹ ላይ ግን አምስቱ ይበልጣል።

ስለ ፎቶ ከተነሣ፤ ልጆቹን አሰልፋችሁ ፊታቸውን እያሳያችሁ ገንዘብ አትለምኑ። የሚያሳዝን ፎቶ ብር እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ልጁ ግን ነገ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ፎቶውም ይከተለዋል። ሳይክላችሁን አሳዩ፣ ዳገቱን አሳዩ፣ ደረሰኙን አሳዩ። ዊልቸር የሚጠቀሙ ጎልማሶችን ደግሞ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ አስቀምጡ። ምን እንደሚያስፈልግ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

የጸጥታውን ጉዳይ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚነዳው ቱር ዳፍሪክ እንኳ ለዓመታት በመተማ ገብቶ ጎንደርን ያቋርጥ ነበር። ያን ዘመን አይታችሁ ዛሬም መንገዱ እንደዚያው ነው ብላችሁ አትነሡ። በሳይክል የሚሄድ ሰው መስታወት ዘግቶ አያልፍም፣ ፈጥኖም አያመልጥም። ከከተማ ለመውጣት ከወረዳና ከዞን ፈቃድ፣ በየከተማው ከሚኖር ሰው ደግሞ የዕለቱን መረጃ ያስፈልጋችኋል። አንዱ «ይቅርባችሁ» ካለ አትውጡ። ቲሸርቱ ታትሟል፣ ሰው ከፍሏል ተብሎ አይወጣም። ለዚህም ነው አማራጭ ዕቅድ አስቀድሞ መያዝ ያለበት።

ምክሬ የማያሻማ ነው። ዘንድሮ ጣናን አትዙሩ። ከጥምቀት በኋላ ባለ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከፒያሳ አዘዞ እየተመላለሳችሁ ንዱ። ደርሶ መልሱ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቢመላለስ 72 ይሆናል። ስድስታችሁ ስትደመሩ ከ430 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ጎንደር ባሕር ዳር ደርሶ መልስ ከሚሆነው ይበልጣል። አዘዞ ዝቅ ያለ ስለሆነ መመለሻው ሁሉ ሽቅብ ነው። በቂ ፈተና ነው። የጉዞ ወጪ የለም፣ አልጋ የለም፣ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ዋናው ጥቅም ግን የሚሰጠው ሰው ያያችኋል። ደልጊ አካባቢ ጭቃ ውስጥ ስትገፉ ማን ያያችኋል? ፒያሳ ላይ ግን የቡና ቤቱ ደንበኛ፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ለበዓል የመጣው እንግዳ ሁሉ ቆሞ ይቆጥራል። ትራፊክ ፖሊስን አስቀድማችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። የባጃጅ ማኅበራትን አነጋግሩ። ከኋላ መብራት የሚያበራ መኪና፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ባንዲራ የያዘ ሰው ይኑር።

ይህ ተሳክቶ፣ ሒሳቡ ታትሞ፣ ልጆቹ ወንበራቸውን ካገኙ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ጎርጎራን አስቡ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ብቻ። በመጀመሪያው ቀን ወርዳችሁ ታድራላችሁ፣ በሁለተኛው ትመለሳላችሁ። ጧት በጊዜ ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ይበረታል። ከመመለሻው ከባዱ ወደ መጨረሻው ያለው ነው፤ 300 ሜትር ያህል ከፍታ ትወጣላችሁ። ሐይቁን ሙሉ በሙሉ መዞር ግን ልምድ ያላችሁና የተደራጃችሁ ስትሆኑ የሚታይ ነገር ነው።

ሳይክሉ። አዲስ አትግዙ። ስድስት አዲስ ሳይክል የሚፈጀውን ገንዘብ ብታስሉት ስንት ልጅ ወንበር ላይ እንደሚያስቀምጥ ታያላችሁ። ያላችሁን ወይም የምትዋሱትን ተጠቀሙ። ለአዘዞ መንገድ የማውንቴን ዓይነት ሳይክል ማርሹ ከሠራ ይበቃል። ጥርሱ የበዛውን ጎማ አውጥታችሁ ለስለስ ያለ ብታስገቡ ድካሙ በጣም ይቀንሳል። ማርሽ የሌለው ፊኒክስ ሳይክል ለባሕር ዳር ሜዳ ጥሩ ነው፤ ከአዘዞ ወደ ላይ ግን ጉልበት ይበላል። ፍሬኑን ሁለቱንም አስፈትሹ፣ የፍሬን ጎማ ካለቀ ቀይሩ። ቸርኬው ሳይወላገድ መዞሩን እዩ። ሰንሰለቱን አጽድታችሁ ቀቡ። የውስጥ ጎማ ትርፍ፣ ፖምፓና መለጠፊያ በቡድን ያዙ። ጎማ መቀየርንም ሁላችሁም አስቀድማችሁ ተለማመዱ፤ በእሑድ ጎሚስታ ላታገኙ ትችላላችሁ። ገንዘብ የምታወጡበት አንድ ነገር ቢኖር ሄልሜት ነው። ያገለገለና አንድ ጊዜ የተመታ አትግዙ፤ ስንጥቁ ከውጭ አይታይም። ሄልሜት የሌለው ሰው በዚያ እሑድ ደረሰኝ ይቁረጥ።